ጳጉሜን ካለፈ ማን ይጠመቃል?

የልጅ ልጆቼ ሄዱ። ክረምቱን ሙሉ ሲያተራምሱት የከረሙት ቤት ዛሬ ጸጥ ብሎ፣ ውኃው ከደንገሉ ጋር ሲላተም ከመደቤ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ባሕር እንለዋለን እንጂ ባሕርስ አይደለም። በስማዳ ተራሮች መካከል የተኛ፣ በዚህ ዳር ሆነው ሲጣሩ በዚያ ዳር ያለ ሰው አቤት የሚልበት ትንሽ ውኃ ነው። ክረምት ሲወጣ ውኃው ወደ ኋላ ይሸሻል። የሸሸበት ጭቃ፣ የበሰበሰ ደንገልና አዲስ የበቀለ ቄጤማ ተደባልቀው አንድ ሽታ ያመጣሉ። ደስ ይላል የሚሉ አሉ። እኔን ግን ይህ ሽታ ወዲያው ዓይኔን ያስጠብበኛል፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ምን ተደበቀ ያሰኘኛል። ዛሬም ጠዋት በሩን ስከፍት አፍንጫዬን መታኝና፣ ሳላስበው ዞሬ ጓዳዬን አየሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። የወተት ጥርሴን የምነቅልበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ደርግ ከገባ ወዲህ ነው፤ አባቴ ጌጡ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ በዘመተ በሁለተኛው ክረምት። እናቴ እኔን ስትወልድ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ እናት ናት። እምዬ እላታለሁ፤ አንቺም እላት ነበር። ሌላውን ትልቅ ሰው ሁሉ እርስዎ እያልኩ እሷን ግን እርስዎ ብላት የተቆጣሁ ይመስላት ነበር።

አባቴ ሲዘምት፣ ከዘማቾቹ ጋር ሊሄድ ከተነሣ በኋላ ተመልሶ ትከሻዬን ያዘና፣ «እምዬን ጠብቂልኝ፤ ለመስቀል እመጣለሁ» አለኝ። የትኛው መስቀል እንደሆነ አልተናገረም። አንዱ መስቀል መጥቶ አለፈ፤ አባቴ አልመጣም። እንግዲያው የሚቀጥለው ነው አልኩ። እስከዚያ የእኔ ሥራ እምዬን መጠበቅ ነው። ልጅ ሥራ ሲሰጡት የዋዛ አይምሰላችሁ። ዶሮ ጠብቂ ሲሉኝ እተኛ የነበርኩት ልጅ፣ እምዬን ግን ዓይኔን ሳልነቅል እጠብቅ ነበር።

ያን ክረምት የአክስቴ የስንዱ ልጆች ከደብረ ታቦር መጥተው ከእኛ ጋር ከረሙ። ሦስት ናቸው፤ ትልቋ ብርቄ የእኔ እኩያ ነበረች። አብረን እንጫወታለን፣ አብረን እንጣላለን። ይልቅስ እንጣላለን ብል ይሻላል። ብርቄ ቀይ ሹራብ ነበራት፤ አንድ ጊዜ ልሞክረው ብዬ ብለምናት ፀጉሬን ነጭታኛለች። በሐምሌ ኩፍኝ ያዘኝ። እነሱ አምልጠው እኔ ተኛሁ። ለብዙ ቀን እህል አልቀምስ አልኩ፤ ስነሣ እግሬ የሸምበቆ ያህል ቀጥኖ ነበር። እምዬ ከደጅ ሰው ሲጠይቃት፣ «ተርፋልኛለች፤ ግን ነፋስም አይንካት» ስትል እሰማ ነበር።

የፍልሰታ ጾም በተፈታ በጥቂት ቀን አክስቴ ስንዱ ድንገት መጣች። ብቻዋን አልመጣችም፤ የእምዬ የነፍስ አባት መምሬ ይሁኔ አብረዋት ነበሩ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ካጋመሰ በኋላ ነው፤ ይህን ብርቄ ክረምቱን ሙሉ ስታወራልኝ ስለከረመች አውቃለሁ። ታዲያ ምን አጣደፋት? አክስቴ ሳመችኝ፤ ሳመችኝና አልለቅ አለችኝ። አንገቴ እርጥብ ሆነ። ጉንፋን ይዟት ነው አለች።

መምሬ ይሁኔ እምዬን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ፣ ጸሎት እናድርስ አሏት። እኔም ቀኑን በልቤ ቈጠርኩ፤ እምዬ የወሩን በዓላት በጣቴ አስቈጥራ አስተምራኛለችና። ምንም አልነበረም።

«መምሬ፣ ዛሬ የማን ቀን ነው?» አልኳቸው።

መስቀላቸውን አሳለሙኝና፣ «የሁሉም ቀን ነው፣ ልጄ» አሉ።

የሁሉም የሚባል ቀን እንደሌለ ጥርሷ ያልወለቀ ልጅም ታውቃለች። ጥርጣሬዬ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

እምዬ ሄዳ እስክትመለስ ብዙ ቆየች። ስትመለስ በትር ይዛ ነበር። እምዬ በትር ይዛ አታውቅም፤ ወገዳ ገበያ ድረስ በባዶ እጇ ሄዳ በባዶ እጇ የምትመለስ፣ ዳገቱን ከእኔ ቀድማ የምትወጣ ሴት ናት። ፊቷም ታጥቦ ነበር፤ ውኃው ከአገጯ ይንጠባጠባል። ምን ሆነሽ ብላት ሞቀኝ አለች። በዚያ ብርድ፣ ጉሙ ደጃፍ ላይ ቆሞ! በራሷም ላይ ሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

በማግስቱ አክስቴ ልጆቿን ይዛ ተነሣች። ብርቄ አታየኝም። ዓይኗን መሬት መሬት አድርጋ ቀይ ሹራቧን አውልቃ ሰጠችኝ። ለምን ብላት ጠቦኛል አለች። እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኖ ይንጠለጠል ነበር። ተቀበልኳት፤ ግን አልለበስኩትም፤ ገልብጬ ስፌቱን ሁሉ መረመርኩ። ያለ ምክንያት የሚሰጥ ነገር መቼም ምክንያቱ ተደብቆ ነው።

እነሱ በጉሙ ውስጥ ገብተው ሲጠፉ ቤቱ ጭር አለ። ልጆች የሄዱበት ቤት ጸጥታ ዛሬም ይገርመኛል፤ ሰው ያለቀበት እንጂ ልጅ የሄደበት አይመስልም። ውኃው ላይ ያሉት የይብራዎቹ ጩኸት፣ የደንገሉ መፋተግ፣ የእምዬ በትር። ሌላ ነገር የለም። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ ደብሬ ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ነገር ግን ፍየላቸው ጎመናችንን ከበላች ወዲህ ከእምዬ ጋር ተኳርፈው፣ ውኃ ሲቀዱ እንኳ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አሁን አጥሚት በቅል ይዘው፣ ቅቤ ከላዩ አንሳፍፈው መጡ። እምዬም ፍየሏን ሳታነሣ ተቀበለቻቸው። ሁለት የተኳረፉ ሴቶች ያለ አስታራቂ፣ ያለ አንድ ክፉ ቃል እንዲህ ሲታረቁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

በእኛ አገር ለሰው የሚበላ የሚጠጣ የሚያቀርብ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል። ጠላ የቀዳ ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይጠጣል፤ ገንፎ ያመጣ ከዳር ቆርሶ ይጎርሳል። እንግዳውን ልቡን ለማሳረፍ ነው። እትዬ ደብሬ አልቀመሱም። እምዬ ቅመሺ አትላቸውም። እኔው እርስዎስ ብላቸው፣ «ጉሮሮዬ አይውጥልኝም፣ ልጄ፤ አንቺ ብቻ ጠጪ» አሉኝ፤ ከዚያም ቁጭ ብለው አፍ አፌን ያዩ ጀመር። የሰው አፍ እንደዚያ የሚያይ ሰው ምን የሚጠብቅ ይመስላችኋል? አንድ ጉንጭ ይዤ፣ ወደ ውጭ ወጥቼ ተፋሁት። የቀረውን ለውሻችን ሰጠሁት።

ውሻችን አንበሳ ይባላል፤ ከጥላው የሚሸሽ ፈሪ ነበር። ቁጭ ብዬ እስኪሞት ጠበቅሁት። አልሞተም፤ አፉን ልሶ ተጨማሪ ጠየቀኝ። በማግስቱም እትዬ ደብሬ ቅንጬ አመጡ፤ በሦስተኛው ቀን እርጎ። አንበሳ በላ፤ አልሞተም። ይባስ ብሎ ወፈረ። እንግዲያው ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው አልኩ።

ደግሞ አያ ሰይድ መጡ። አያ ሰይድ በወገዳ ገበያ ጨው የሚሸጡ እስላም ነጋዴ ናቸው፤ አህያቸውን ጭነው በመንደራችን ሲያልፉ እምዬ ከእሳቸው ጋር በአንዲት እፍኝ ጨው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ የምትከራከር ነበረች፤ እሳቸውም ክርክሩን እንደ ጨዋታ ይወዱታል። ያን ቀን አህያቸውን አቁመው፣ ጨው ሰፍረው ሰጧት፤ ዋጋ አልጠየቁም። እሷም አልተከራከረችም። ለእኔ ከኪሳቸው ከረሜላ አወጡና፣ እጄ ላይ ሲያስቀምጡ እጄን ጥቂት ያዙት። ነጋዴ በነጻ ሲሰጥ ዓለም ተገልብጣለች ማለት ነው ብዬ ከረሜላውን ከደንገሉ ውስጥ ቀበርኩት። ከረሜላ መቅበር ለልጅ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

በዚያው ሰሞን መምሬ ይሁኔና የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የአባቴን ማሳ በድንበሩ ላይ ሲዞሩት አየሁ። ሊቀመንበሩ በዱላው ያመለክታል፤ መምሬ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲጨርሱ ቆመው ወደ ቤታችን አዩ፤ እኔ ደጃፍ ላይ መኖሬን ሲያውቁ ወሬያቸውን አቆሙ። ያን ዓመት ሰው ሁሉ ወሬውን የሚያቆመው እኔ ጋ ሲደርስ ነበር።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። አሮጊትና አንዲት ልጅ ብቻቸውን ጥሩ መሬት ይዘው፣ በባሕሩ ዳር ቤት ይዘው ተቀምጠዋል። አባቴ ለመስቀል ከመጣ ማንም አይነካንም። እንግዲያው ከመስቀል በፊት እምዬን በምግብ ቀስ እያሉ ሊጨርሷት ነው። እሷም እያለቀች ነበር። ጉንጮቿ ገቡ። ሽሮ ስትሠራ እኔን ታጎርሰኛለች እንጂ አትበላም። ከእኔ ጋር መደብ ላይ ትጋደማለች፤ ጠዋት ስነሣ ግን ቁርበቷን መሬት ላይ አንጥፋ ተኝታ አገኛታለሁ። ቁንጫው አስቸገረኝ ትላለች። እኔን ያልነካ ቁንጫ ነው። ራሷንም አታስነካኝም። ድሮ በእሑድ እሑድ ከጭኔ ላይ አስተኝቼ ፀጉሯን እያየሁላት፣ ስለ አባቴ ልጅነት ታወራልኝ ነበር። አሁን ሻሿን ልፍታ ስላት እጄን ትይዝና ታቆመኛለች። መርዙ ከራሷ ጀምሯል ማለት ነው፤ ፀጉሯን እያረገፈው ነው።

ለማን ልናገር? ለመምሬ እንዳልናገር ከእነሱ ጋር ናቸው። ለእምዬ ነገርኳት። ከእትዬ ደብሬ እጅ አትብዪ፣ መርዝ ነው አልኳት። እምዬ ትስቅ ጀመር። ስትስቅ ስትስቅ ድንገት ወጋት መሰለኝ፣ ሆዷን ይዛ ዞረች። «አንቺ የጌጡ ልጅ፣» አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «አባትሽም እንዲህ ነበር። ሐኪም መርፌ ሲያወጣ ይህን ማን ፈቀደልህ ብሎ የጠየቀ ልጅ ነው።» «ነበር» አለች። በወቅቱ ልጅነቱን ስለምታወራ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጳጉሜን ገባ። በጳጉሜን ውኃ ሁሉ ጠበል ነው፤ ሰው በማለዳ፣ ወፍ ሳይቀምሰው ወርዶ ይጠመቃል፤ የዓመቱን በሽታ ያጥባል ይባላል። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ባሕር ይመጣ ነበር፤ ሴቱ በዚህ፣ ወንዱ በዚያ። እምዬ ለብቻዋ፣ ከሁሉም ቀድማ ወደ ደንገሉ ውስጥ ትገባለች። እኔን አንቺ ገና ነሽ፣ ብርድ ይመታሻል ብላ ከቤት ትተወኛለች። ደስ አለኝ፤ ጠበሉ መርዙን ያጥብላታል ብዬ። በሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ልጆች ሁሉ ራቁታቸውን ወጥተው ሲጨፍሩ እኔንም ለቀቀችኝ። እሷም ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። እኛ ጨፍረን፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ የእኔ ገላ ሁሉ ደርቆ የእምዬ ፊት አልደረቀም ነበር።

የዮሐንስ ዋዜማ ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር ሊነቅሉ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወርዱ እምዬ ራሷ አስነሥታ ላከችኝ። ቀይ ሹራቡንም ራሷ አለበሰችኝ። ዘፈንን፣ እንግጫ ነቀልን፣ ጎነጎንን። እንግጫ ለቤተ ሰብ ራስ ላይ ይታሰራል፤ ለሌለ ሰው ከምሰሶ ላይ ይታሰርለታል። እኔም አንዱን ለእምዬ፣ አንዱን ለአባቴ ጎነጎንኩ። የእሷን በሻሿ ላይ አሰርኩላት። የአባቴን ከምሰሶው ላይ ሳስር፣ «ለመስቀል ሲመጣ አረንጓዴነቱ እንዳይጠፋ በየቀኑ ውኃ እረጨዋለሁ» አልኳት። እምዬ ደግ አደረግሽ አለችኝ። እንስራውን አንሥታ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች። እንስራው ሙሉ እንደነበረ ያወቅሁት ሲፈስስ ነው፤ ወርዶ እግሯን አራሰው፤ እሷ ግን ሳታየው ሄደች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። ዛሬ ሳስበው ነገሩ ሁሉ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ልጅ ግን የሚፈራውን ነው የሚያየው እንጂ የተዘረጋውን አይደለም። እኔ የምፈራው እምዬን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ነበር፤ ስለዚህ ከእምዬ ሌላ የሚወሰድ ሰው መኖሩ አልታየኝም።

ዮሐንስ አለፈ። ሰው መጠመቁን ተወ፤ ውኃውም ተመልሶ የከብት መጠጫ ሆነ። እምዬ ግን አልተወችም። በየማለዳው ትወርዳለች። ጳጉሜን ካለፈ ማን ይጠመቃል? ማሳል ጀምራ ነበር፤ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። አትውረጂ ስላት ስለቴ ነው አለች። ምን ስለት ነው ብላት ሻሿን አጥብቃ አሰረች። አባቴ ጠብቂ ብሎኛል፤ መስቀልም ቀርቧል፤ ከዚህ በላይ አልችልም አልኩ። አንድ ማለዳ ስትወጣ ተኝቼ የቆየሁ መስዬ፣ ቀይ ሹራቤን ለብሼ ተከተልኳት።

ጉም ነበር። ከደንገሉ ዳር ተደብቄ አየኋት። እስከ ደረቷ ውኃ ውስጥ ቆማለች። ሻሿን አውልቃ ከአንዱ ደንገል ጫፍ ላይ አስራዋለች። ራሷ ተላጭቷል፤ ረግፎ አይደለም፣ ተላጭቷል፤ አዲስ ነጭ ጠጉር እንደ አመዳይ ብቅ ብሏል። እናት ራሷን ለምን እንደምትላጭ አውቃለሁ፤ ልጅ ብሆንም የለቅሶ ቤት አይቻለሁ። እምዬ ደንገሉን አንድ በአንድ እየያዘች፣ ለቅሶ ላይ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው እንደሚወዛወዙ እየተወዛወዘች፣ በሹክሹክታ ታወርድ ነበር፦

ጌጡ በረሃ ቀርቶ ያለ አልቃሽ ያለ ሰው፣
ደንገሉን ሰው ብዬ ውኃ ውስጥ ላልቅሰው።

ድምፅዋ ከፍ ሊል ሲል ወደ ቤት ዞራ ታይና ፊቷን ውኃ ውስጥ ትነክራለች። ሳል ይይዛታል። ደግሞ ትቀጥላለች።

የሹራቡን እጅጌ ነክሼ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ የሆንኩትን ልጽፍ አልችልም፤ ስለ እግሬ ብቻ ልንገራችሁ፤ ጭቃው ውስጥ ሰጥሞ ቀዝቅዞ ነበር፤ ላወጣው አላስታወስኩም። ነገሩ ሁሉ እንደ ቁርበት ተገለበጠ። እትዬ ደብሬ ያዩ የነበሩት የእኔን አፍ ነው። ምግቡ የእኔ ነው። ማሳውን የዞሩትም ያለ አባት ሳይታረስ እንዳይቀር ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው እንዲጠና፣ በልቶ ጠጥቶ እንዲበረታ ይጠበቃል፤ መርዶውን የሚሸከም ጉልበት ይኑረው ተብሎ። ለእምዬ ያን የሁሉም ቀን በተባለው ቀን ነግረዋታል። ለእኔ ያልተነገረኝ እግሬ ስለቀጠነ ነው። እሷም እኔ እስክጠና፣ ዮሐንስን ከእኩዮቼ ጋር እስክዘፍን፣ የልጇን ለቅሶ በአፏ ይዛ፣ በቤት መሬት ላይ እየተኛች፣ በውኃ ውስጥ እያለቀሰች ከርማለች። አባቴም ለመስቀል አይመጣም።

አላለቀስኩም፤ ካለቀስኩ ትሰማኛለች። ቀድሜያት ቤት ገብቼ እግሬን ጠርጌ ተኛሁ። እሷም ገባች። ስታስል መደቡ ተንቀጠቀጠ። አባቴ እምዬን ጠብቂልኝ ነው ያለኝ፤ መሞቱ ሥራውን አልሻረውም። ይህ ውኃ ሊገድልብኝ ነው። ውኃው ውስጥ የምትገባው ደግሞ በእኔ ምክንያት ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ወደ እትዬ ደብሬ ሄድኩ። ወተት ይንጡ ነበር።

«እትዬ ደብሬ፣ ነገ ጠዋት ሁላችሁም ኑና አርዱኝ» አልኳቸው።

እጃቸው መናጫው ላይ ቆመ። «ምኑን ነው የምናረዳሽ፣ ልጄ?»

«አባቴን።»

ወተቱ ብቻ ውስጥ ለውስጥ ይንቦጫረቅ ነበር። «እሷ ነገረችሽ?»

«አልነገረችኝም። ለደንገሉ ስትነግረው ሰማሁ። እንደሰማሁ አይንገሯት።»

«ከመስቀል በኋላ ነው የተባለው፤ አንቺ ገና አልጠናሽም» አሉኝ።

«እኔ ጠንቻለሁ፤ እሷ ናት ያልጠናችው። እቤቷ ታልቅስ። ውኃው ይገድላታል።»

እትዬ ደብሬ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው አጥሚት አሞቁልኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ታች ጠጣሁት። ቅቤው ብዙ ነበር። ለውሻው ስሰጥ መክረሜን አላወቁም፤ ወይም አውቀው ዝም ብለዋል።

ያን ቀን ሙሉ እምዬ አጠገብ ምንም እንዳልሰማች ልጅ ሆኜ ዋልኩ። እንደዚያ ቀን ያለ ረጅም ቀን አላውቅም። ምሰሶው ላይ ያለውን እንግጫ ውኃ እረጫለሁ፤ እሷ ታየኛለች፤ እኔ እንዳላየኋት እሆናለሁ። መቼ ነው የሚመጣው ብዬ ብጠይቅ ደግ ነበር፤ በየቀኑ እጠይቅ ነበርና። አፌ እምቢ አለኝ። ይህን ስሕተት አስተዋለች መሰለኝ፤ አንዴ ሽሮውን ስታማስል ቆም ብላ አየችኝ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ የብዙ ሰው እግር ግቢያችን ውስጥ ሰማሁ። እምዬ ወደ ውኃው ልትወርድ ሻሿን እያሰረች ነበር። በሩን ከፈተችው። መምሬ ይሁኔ፣ ሊቀመንበሩ፣ እትዬ ደብሬ፣ ከኋላቸው የመንደሩ ሰው፤ ከዳር አያ ሰይድ ሳይቀሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። እምዬ በሩ ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። ከመስቀል በኋላ አላልንም ወይ፣ ልጄን ልትገድሉብኝ ነው ወይ ብላ በሹክሹክታ ተቆጣች። መምሬ ቀኑ ዛሬ ነው አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም። ክንዷን በቀስታ ዝቅ አድርገው ገቡና ከመደቤ ጫፍ ተቀመጡ።

ሌሊቱን እንዴት እንደምደነግጥ፣ እንዴት እንደምጮህ በልቤ ስለማመድ ነበር። እምዬ እንዳትነቃብኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ መምሬ፣ «አባትሽ አርፏል።»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ፤ ማስመሰልም አላስፈለገኝም። ውኃው ዳር የሰማሁት ሌላ ነበር፤ ይህ፣ በቤቴ፣ በሰው ፊት፣ በካህን አፍ የተነገረኝ ሌላ ሆነ። አንድ ድምፅ ከእኔ ወጣ። እምዬ ዘላ ያዘችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኔን፣ አፌን፣ አተነፋፈሴን እያየች፣ እወድቅ እንደሆነ፣ እቆም እንደሆነ ጠበቀች። ቆምኩ። እግሬ ቆመልኝ።

ያኔ ሻሿን ቀድዳ ጣለችውና ወደ ደጅ ወጣች። «ጌጡ!» ብላ ተጣራች። እምዬ እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ይብራዎቹ ከውኃው ላይ ባንዴ ተነሡ። በማዶ ያሉ ሰዎች ከየቤታቸው ሲወጡ፣ ነጠላቸውን እያደገደጉ ዳር ዳሩን ወደ እኛ ሲሮጡ በጉሙ ውስጥ አየናቸው። ሴቶቹ ትከሻዋን ያዟት። ሰው ነበር የያዛት።

ከዚያ ማለዳ ወዲህ ውኃው ውስጥ አልገባችም። ሳሉም እትዬ ደብሬ በዳማ ከሴና በማር ሲያሹት ለቀቃት።

ሠልስቱ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ተበትኖ፣ ማታ ሁለታችን ብቻ ከምድጃው አጠገብ ቀረን። እምዬ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«የመርዶው ዋዜማ ዕለት፣ በጠዋት፣ ደብሬ ቤት ምን ልታደርጊ ሄደሽ ነበር?»

«እሳት ልጭር» አልኳት።

የምድጃውን ፍም አየችው፤ ደግሞ እኔን አየችኝ። ያን ክረምት ሰውን ሁሉ ሳይበት በከረምኩበት ዓይን ነው ያየችኝ፤ ጠበብ አድርጋ፣ ከላይ እስከ ታች።

«የእኔ ቤት እሳት መቼ ጠፍቶ ያውቃል?» አለች።

ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። እንጨት ጨመረች፣ ወደ እኔ ተጠጋችና፣ ጠዋት ከሰው ጋር ያቆመችውን ለቅሶ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ በሩም ክፍት እንደሆነ፣ ካቆመችበት ቀጠለች።